ወጣት ዛፍ የሌለበት ጫካ፦ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ያልተፈቱ የተፈጥሮ ጥያቄዎች



በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር መገባደጃ ላይ ከእንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ዜና የዓለም ጋዜጦችና ጣቢያዎች ተቀባበሉት። የዜናው መነሻ ይኸው የእኛው ቆላ፣ የቋራ ምድር ነበር። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃንስ ባወርና ባልደረቦቹ፣ ቦርን ፍሪ በተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ድጋፍ ወደ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ወርደው፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች አጥምደው፣ የአንበሳ ምስልና ዱካ ይዘው ተመለሱ። ለሳይንሱ ዓለም አዲስ ግኝት ሆነ።

ለቋራ ሰው ግን ወሬው አሮጌ ነው። በአካባቢው አንበሳ እንዳለ ነዋሪዎች ሲናገሩ ኖረዋል፤ የጎደለው ፎቶው ብቻ ነበር። ባወር ራሱ በሥራ ዘመኑ ከአፍሪካ የአንበሳ ካርታ ላይ አንዱን መኖሪያ ከሌላው ተከትሎ ሲሰርዝ እንደኖረ፣ አዲስ ሲጨምር ግን ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ በወቅቱ ተናግሯል።

አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ፣ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ፓርክ ነው። በምዕራብ በኩል ከሱዳኑ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይገናኛል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ፓርኮች 10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋ አንድ መኖሪያ ቆጥረው፣ በመላው ስፍራ ከ100 እስከ 200፣ በአልጣሽ ብቻ ደግሞ ከ27 እስከ 54 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገመቱ። ግምቱ የተገኘው እያንዳንዱን አንበሳ በመቁጠር አይደለም፤ በየ100 ካሬ ኪሎ ሜትሩ አንድ ወይም ሁለት አንበሳ ይኖራል ከሚል መነሻ ተባዝቶ ነው። በጋው በሚከርበት፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ በሚቀርበት በዚህ ምድር፣ በሌላው የአፍሪካ ሰሜናዊ ቆላ በብዙ ቦታ የጠፋው አውሬ እዚህ እንዴት እንደዘለቀ ገና ብዙ የሚጠና ነገር አለው።

የዛሬው ንግግር ከዚህ ይነሳል። ‹‹ሳይንስ ሊያስረዳው ያልቻለው›› የተባለ ነገር ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሩቅ አገር ይሮጣል። መርከብና አውሮፕላን ይውጣል የሚባለው የቤርሙዳ ባሕር ከሁሉ ቀድሞ ይጠራል። የመድን ድርጅቶችና የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ግን በዚያ አካባቢ የሚደርሰው አደጋ የመርከብ ትራፊክ ከሚበዛበት ከሌላው ባሕር የተለየ አለመሆኑን ካስታወቁ ቆይተዋል። ዝናው ገናና የሆነው እንቆቅልሽ ባዶ ሲሆን፣ እውነተኛዎቹ ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ውጭ በሚታየው ተዳፋትና ሰማይ ላይ ሳይጠሩ ይኖራሉ።

መጀመሪያ ከተዳፋቱ እንጀምር።

በመተማና በቋራ ድንጋያማ ኮረብቶች ላይ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ፣ በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ቅርፊቱ በስስ በስሱ ይላጣል፤ ሲበጣ ነጭ ሙጫ ያነባል። ለቃሚው ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ግንዱን በትንሹ እየበጣ፣ ሙጫው ሲደርቅ እየለቀመ፣ ቁስሉን እያደሰ ይመላለሳል። በቤታችን የቡና ሥርዓት ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ጽና ላይ የሚጨሰው ዕጣን፣ ወደ ውጭ ገበያ የሚወጣውም፣ ከዚህ የተገኘ ነው። በዓለም ከሚመረተው ዕጣን ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን የሚሰጠው ይህ የዛፍ ዝርያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው መጽሔት ላይ፣ በኔዘርላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፍራንስ ቦንገርስ መሪነት፣ ኢትዮጵያውያን የደን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ጥናቱ 23 የዕጣን ደኖችን፣ በውስጣቸውም 21,786 ዛፎችን መዝግቧል፤ የ202 ዛፎችን ደግሞ የዕድሜ ቀለበት አንብቧል። ከ75 በመቶ በላይ በሆኑት ደኖች ውስጥ ትናንሽ ዛፎች የሉም። ተፈጥሯዊው መተካካት ለአሥርት ዓመታት ቆሟል። ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል።

የዕድሜ ቀለበት ማንበብ በሞቃት አገር ዛፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያድግ ዛፍ ግልጽ መስመር አይተውምና። እዚህ ግን በጋው በርትቶ እድገትን ስለሚያቆመው በያመቱ መስመር ይቀራል። በዚህ ዘዴ በመተማ የዕጣን ደን ላይ የተሠራው በሞቱማ ቶለራ የሚመራ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም፣ ዛሬ ቆመው ከሚታዩት ዛፎች መካከል ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በቅሎ ለአቅመ ዛፍ የደረሰ እንደሌለ አሳየ። በሌላ አነጋገር፣ የዛሬዎቹ ለቃሚዎች የሚበጡት ዛፍ አያቶቻቸው ልጆች በነበሩበት ዘመን የበቀለውን ነው።

እንግዳው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። ዘሩ አልጠፋም። ክረምት ሲገባ በየዛፉ ሥር የዕጣን ቡቃያ ይፈላል። በጋ ሲመጣ ከላይ ያለው ይደርቃል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ ደግሞ ይደርቃል። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ያልፋሉ፤ ከጉልበት ከፍ ብሎ ወገብ የሚደርስ ግን አይገኝም። ሽማግሌና ጨቅላ ብቻ ቀርተውበት፣ ጎረምሳና ኮረዳ የማይታይበት መንደር ማለት ነው። እንዲህ ያለ መንደር ያገኘ እንግዳ ‹‹ወጣቱ የት ሄደ?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው ‹‹ዕጣን ለቃሚው ዛፉን ጨረሰው›› ብሎ ነው። በእርግጥ ደጋግሞ መበጣት ዛፉን ያደክመዋል፤ በኤርትራ የተደረገ ጥናት ያለ ዕረፍት የሚበጣ ዛፍ የሚሰጠው ዘር ከማይበጣው ይልቅ የመብቀል አቅሙ ደካማ እንደሆነ አሳይቷል። ነገር ግን በፒተር ግሩነንዳይክና በባልደረቦቹ መተማ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት የሚበጡትንም የማይበጡትንም ዛፎች ጎን ለጎን ሲያይ፣ ወጣት ዛፍ በሁለቱም ዘንድ አልተገኘም። ትልልቆቹም ዛፎች በየዓመቱ ከመቶ ስድስት ሰባት ያህሉ ይሞታሉ፤ ከገዳዮቹ አንዱ ግንዱን ውስጥ ለውስጥ የሚቦረቡር ቀንዳም ጥንዚዛ ነው። ለቃሚው ተከሳሽ ቢሆን እንኳ ብቻውን ጥፋተኛ አይባልም።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ከብትና እሳት ናቸው። ክረምት ሲገባ ከደጋው ወደዚህ ቆላ የሚወርደው ከብት ለምለሙን ቡቃያ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ከመኸር በኋላ የደረቀው ረጅም ሣር ሲቃጠል ደግሞ ከግጦሽ የተረፈውን እሳቱ ይወስደዋል። ቅርፊቱ የወፈረ ትልቅ ዛፍ እሳቱን ይችላል፤ ጣት የማያክል ቡቃያ ግን አይችልም። ድርቁም አለ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት አለው፤ የከበደው ግን ድምራቸውን ማስላት ነው። ግጦሽ ብቻ ቢቆም ሣሩ ይረዝማል፤ ሣሩ ሲረዝም እሳቱ ይብሳል። እሳቱ ብቻ ቢቆም ከብቱ አለ። ምናልባት ይህ ዛፍ ድሮም በየዓመቱ የሚተካ አልነበረም፤ ከብት የራቀበት፣ እሳት የተረሳበት፣ ዝናብም የሰመረበት ጥቂት ዓመት ተከታትሎ ሲመጣ ብቻ አንድ ትውልድ ተሻግሮ ይሆናል። ይህ መላ ምት ነው። ለመፈተን የታጠረ መሬትና የአሥራ አምስትና የሃያ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አብዛኛው የምርምር በጀት ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲሆነው ያልቃል።

ምክንያቱ ሳይጠፋ፣ ምክንያቶቹ በዝተው እርስ በርስ የተጠላለፉበት እንቆቅልሽ ማለት ይህ ነው። ከዚህ በመጠኑ የተፈታ ዘመዱን በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቦረና እናገኛለን። በያቤሎ፣ በአሬሮና በሜጋ መካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ብቻ የሚኖር፣ ከዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ ግራጫ የቁራ ዘመድ አለ። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በመኖሪያው ውስጥ እንደልብ ይታያል፤ ድንበሩን ካለፈ በኋላ ግን ግራሩ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ከብቱም ያው ሆኖ ሳለ ወፉ የለም። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመት ምክንያቱን ሲፈልጉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት መልሱ በዓይን የማይታይ አጥር መሆኑን ጠቆመ፦ ሙቀት። ወፉ ያለበት ቦታ አማካይ የሙቀት መጠን ከ20 ዲግሪ በታች ነው፤ ዙሪያው ግን ይሞቃል። ከዚያ በኋላ የወፉን አኳኋን የተከታተሉ ሰዎች ሙቀቱ ሲጨምር አፉን ከፍቶ እንደሚያለከልክና ምግብ ፍለጋውን እንደሚቀንስ አዩ። ጎረቤቶቹ ሌሎች ወፎች በዚያው ሙቀት ሳይቸገሩ እሱ ብቻ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ግን እስካሁን ያነጋግራል።

ስለ ወፍ ከተነሳ፣ ማሽላ የሚዘራ ሁሉ የሚያውቀውን ግሪሳን መዝለል አይቻልም። ክብደቱ ሃያ ግራም ገደማ ነው። አንዱን በእጅ የያዘ ሰው አያስፈራውም፤ በሚሊዮን ሲመጣ ግን ማማ ላይ የተቀመጠ ባለ ወንጭፍ ምንም አይፈይድለትም። በአፍሪካ ያለው ብዛቱ እስከ አንድ ቢሊዮን ተኩል እንደሚደርስ ስለሚገመት፣ በምድር ላይ በብዛት አንደኛው የዱር ወፍ ነው ይባላል።

ግሪሳ የሚኖረው ዝናብን በመሸሽም በመከተልም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መሬት ላይ የወደቀው የሣር ፍሬ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ይበቅላል፤ ወፉም ምግቡን ያጣል። በዚህ ጊዜ የዝናቡን ግንባር በላይ በላይ አልፎ፣ ከሳምንታት በፊት ዘንቦ አዲስ ፍሬ ወደደረሰበት ቦታ መሄድ ይኖርበታል። በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ነው። ያላየው ምድር ላይ ፍሬ መድረሱን በምን ያውቃል? በደሙ የተጻፈ አቅጣጫ እንዳለው የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ፤ አቅጣጫ ብቻ ግን ዘንድሮ የትኛው ሸለቆ እንደዘነበ አይናገርም።

መንጋው በአየር ላይ የሚታጠፍበት መንገድም ሌላ ጥያቄ ነው። በሮም ከተማ ላይ በሌላ የወፍ ዘር የተደረገ ጥናት፣ እያንዳንዱ ወፍ የሚከተለው ስድስት ወይም ሰባት ጎረቤቶቹን ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ለመላው መንጋ ትእዛዝ የሚሰጥ አለቃ የለም። ከዚያ ጥናት ተሳታፊዎች አንዱ የሆነው ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጆ ፓሪሲ ሥርዓት የሌለው ከሚመስል ነገር ውስጥ ሥርዓት በማግኘት ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በግሪሳ መንጋ ላይም ሕጉ ይሠራ እንደሆነ እዚህ ቆላ ውስጥ ካሜራ ይዞ መፈተን ይቻላል።

አሁን ቀና ብለን ሰማዩን እንይ።

በመጋቢትና በሚያዝያ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ ዋልካው አፈር ስንጥቁን ይዘጋል፤ ሰሊጥና ማሽላ ይዘራል። በክረምት እዚህ የኖረ ሰው አንድ ነገር አስተውሎ ይሆናል። ዳመናው ከቀትር በኋላ በምሥራቅ፣ በደጋው ተራራ ላይ ይከመራል፤ ሲመሽ ወደ ቆላው ይንሸራተታል፤ ነጎድጓዱ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳል። በዚያው ወቅት መሬት አጠገብ ያለው እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። እርጥበቱ ከአንድ በኩል ይመጣል፤ ዝናቡን የተሸከመው ማዕበል ደግሞ ከተቃራኒው። ይህ የሚሆነው ከምድር ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ የሚፈስ ፈጣን የነፋስ መስመር በክረምት ስለሚኖር ነው።

በዚህ የነፋስ መስመር ላይ የሚፈጠረው መወዛወዝ ከዓለም የአየር ጠባይ ትልልቅ እንቆቅልሾች አንዱን ይዟል። በክረምት ወራት በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ ሰፊ የአየር ሞገድ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ ከሴኔጋል ጠረፍ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይወጣል። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ2,000 እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአንድ ዓመት ስድሳ ያህል ይቆጠራሉ። አሜሪካንና የካሪቢያን ደሴቶችን ከሚመቱት ኃይለኛ ሃሪኬኖች 85 በመቶ የሚሆኑት ዘራቸው ከእነዚህ ሞገዶች ይመዘዛል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 አትላንቲክ ላይ አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ተነስቶ ከነሐሴ 3 እስከ 23 ባሕሩን ሲያምስ ሰነበተ፤ በነሐሴ ወር ከታዩት ሁሉ ዕድሜው እጅግ ከረዘሙት አንዱ ነው። ክሪስቶፈር ሂልና ዩላንግ ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችን ወደኋላ እየቆጠሩ ሲመለሱ፣ ውቅያኖሱን አልፈው፣ ምዕራብ አፍሪካን አልፈው፣ ሱዳንን አልፈው፣ በመጨረሻ ያገኙት በሐምሌ መጨረሻ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የተከመረ የነጎድጓድ ዳመና ነበር። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። በደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ የተነሳ ዝናብ፣ ሳምንት አልፎ ውቅያኖስ ማዶ መርከብ ያስጨንቃል።

ያልተፈታው የቱ ነው? ሞገዱ እንዴት እንደሚጀምር ሁለት ትልልቅ አስተያየቶች ይከራከራሉ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቆየው፣ የነፋሱ መስመር በራሱ ሚዛኑን ስቶ ይወዛወዛል ይላል። ሁለተኛው፣ በቅርብ ጊዜ የተጠናከረው፣ መስመሩ ብቻውን ያን ያህል አይወዛወዝም፤ በዳርፉር ወይም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚነሳ ትልቅ የነጎድጓድ ዳመና በሙቀቱ ይገፋዋል ይላል። ከስድሳዎቹ ሞገዶች መካከል የትኞቹ ጥቂቶች ሃሪኬን እንደሚሆኑ፣ የትኞቹ ባሕር ላይ ተበትነው እንደሚቀሩም ቀድሞ መናገር አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ትልልቅ ዓለም አቀፍ የመስክ ጥናቶች በአውሮፕላንና በባሉን ሞገዶቹን ተከታትለዋል፤ ያተኮሩት ግን በምዕራብ አፍሪካና በኬፕ ቨርዴ ላይ ነበር። የሞገዱ መውጫ በሚገባ ሲለካ፣ መነሻው የሚለካው በጥቂቱ ነው።

ዳመናው ከተነሳ ዘንድ መብረቁንም እንጠይቀው።

መብረቅ ምን እንደሆነ ዓለም ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጀምር ግን ገና ያከራክራል። ደረቅ አየር ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት በአንድ ሜትር ሦስት ሚሊዮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል። ለአሥርት ዓመታት ባሉንና አውሮፕላን በነጎድጓድ ዳመና ውስጥ ተልከው ሲለኩ ያገኙት ከዚህ አሥር ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ባሩዱ አንሶ ተኩሱ ግን ይሰማል። አንዳንዶች ከሕዋ የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር ኤሌክትሮኖችን አስፈንጥሮ ይጀምረዋል ይላሉ፤ ሌሎች በዳመናው ውስጥ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች ጫፍ ኃይሉን በአንድ ነጥብ ያጠራቅመዋል ይላሉ። በኔዘርላንድ የሚገኝ ሎፋር የተባለ የራዲዮ ቴሌስኮፕ፣ ለከዋክብት የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመብረቅን እንቅስቃሴ በሜትር ደረጃ እየቀረጸ ነው። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

እግረ መንገድ፣ በአገራችን በዝናብ ጊዜ ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል የሚለው አባባል በየቤቱ አለ። መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚመርጠው ከዙሪያው ከፍ ያለውንና ለብቻው የቆመውን ነው፤ ስለዚህ ሰሊጥ ማሳ መካከል ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር የተጠለለ ሰው፣ ነጭ ቢለብስም አደጋ ላይ ነው።

ከዳመናው በላይ የሚሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። አውሮፕላን አብራሪዎች ከነጎድጓድ ዳመና በላይ ቀይ ብርሃን ብልጭ ሲል እንዳዩ ለብዙ ዓመታት ይናገሩ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1989 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ጆን ዊንክለርና ባልደረቦቹ፣ ለሮኬት ሥራ ያዘጋጁትን ካሜራ ሌሊት ሲሞክሩ፣ ከሩቅ ዳመና በላይ የቆመ የብርሃን ዓምድ በአጋጣሚ ቀረጹ። ዛሬ ስፕራይት ይባላል። ከምድር ከ50 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይታያል፤ ዕድሜው ከሰከንድ ሺኛ ክፍሎች አይበልጥም። የስኮትላንዱ ፊዚሲስት ቻርልስ ዊልሰን ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል በወረቀት ላይ አስልቶ ነበር። ስሌቱ ነበረ፣ የዓይን ምስክሩም ነበረ፤ ሁለቱ የተገናኙት ስልሳ ዓመት ቆይተው ነው። የአልጣሽ አንበሳ ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ስፕራይትን ለማየት የሚያስፈልገው ጨለማ ሰማይ፣ ሰፊ ሜዳ፣ በሩቅም ትልቅ ነጎድጓድ ነው። የቋራና የመተማ ሜዳ ሦስቱም አሉት። የሌሊት ፎቶ በሚገባ የሚያነሳ ካሜራ በእግሩ ላይ ቆሞ ወደ ሩቁ ዳመና አናት ቢያነጣጥር፣ ከመብረቁ በላይ ያለውን ጨለማ ደጋግሞ ቢቀርጽ፣ ከአንድ ክረምት ውስጥ አንዱን መያዝ የማይታሰብ አይደለም።

ሁሉም ምስክርነት ግን እኩል በቀላሉ አይጣራም። በነጎድጓድ ጊዜ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ፣ ቤት ውስጥ ገብታ የምትወጣ የእሳት ኳስ በብዙ አገር ይነገራል። በእንግሊዝ ዋይድኮም በተባለ መንደር እ.ኤ.አ. በ1638 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ስለገደለች ኳስ የተጻፈ መዝገብ አለ። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሊቃውንት የዓይን ማታለያ ነው ብለው አልፈውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቻይና ምዕራባዊ አምባ የተለመደውን መብረቅ ለማጥናት መሣሪያ የተከሉ የላንጆ ተመራማሪዎች፣ መብረቅ መሬት ከመታ በኋላ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል የቆየች ብርሃናማ ኳስ ከነብርሃኗ ዝርዝር ቀረጹ። በብርሃኗ ውስጥ ሲሊከን፣ ብረትና ካልሲየም ተገኙ፤ ሦስቱም የአፈር ንጥረ ነገሮች ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም፣ መብረቁ አፈሩን አትንኖ ትነቱ ይነድዳል የሚለውን መላ ምት ደገፈው። ይሁን እንጂ በአንድ ቀረጻ ብቻ የቆመ መልስ ነው፤ በተዘጋ መስኮት ወይም በአውሮፕላን ውስጥ ታየች የሚባለውንም ኳስ አያስረዳም።

እንግዲህ በዚህ ንግግር ያለፍናቸው እንቆቅልሾች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንበሳው የታወቀ ነበር፤ ምዝገባ ነው የጎደለው። የዕጣን ዛፉ ምክንያቶቹ በዙበት፤ የሚለያያቸው ረጅም ሙከራ ይጎድላል። የአየር ሞገዱ እጅግ ሰፊ፣ የመብረቁ መነሻ እጅግ ፈጣን ስለሆነ መለኪያው አልደረሰባቸውም። አንዱን ዓይነት ከሌላው ጋር ያደባለቀ ሰው፣ መዝጋቢ የሚፈልገውን ነገር ተአምር ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ሃያ ዓመት የሚፈልገውን ነገር በአንድ ስብሰባ ለመፍታት ይሞክራል። በአብዛኛዎቹ ላይ ደግሞ መነሻ የሚሆነው መረጃ ያለው እዚህ የሚኖረው ሰው ዘንድ ነው።

ከዚህ በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው፤ አስቀድሞ ግን ከተናጋሪው ወገን ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ። ዕጣን በመልቀም የኖራችሁ አባቶች፣ ውፍረቱ የሰው ክንድ የሚያህል ወጣት የዕጣን ዛፍ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼና በየትኛው ተራራ ላይ ነው? ከብት ወደ አልጣሽ አቅጣጫ ያሰማራችሁ ወንድሞች፣ የአንበሳ ድምፅ የሰማችሁት በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ ዳር ነው? እናንተ ተማሪዎች ደግሞ፣ በመጪው ክረምት ዝናቡ ገንዳ ውሃ የሚደርስበትን ሰዓትና የመጣበትን አቅጣጫ በየቀኑ በደብተር ለማስፈር ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ።